ለተነደፈ ፈረስ የሚከፈል ማር

ደሞዙ ያነሰ ሰው፣ እግዚአብሔር የጎደለውን በአእምሮ የካሰው ይመስለዋል። እኔም አሰላ ተዛውሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ፋይል ማገላበጥ ጥበብ ነው ብሎ ያሳመነኝ ማን እንደሆነ እንጃ!

በጓሮዬ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ሁለት የንብ ቀፎ ነበረኝ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች፣ አዲስ አበባ ላሉት አማቶቼ “ለክርስትናው በገዛ ማሬ የተጣለ ጠጅ አጠጣችኋለሁ” ብዬ በደብዳቤ ፎክሬያለሁ። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የጎረቤቴ የኦቦ ገልገሉ የግጦሽ መስክ ነው። እዚያ የሚታሰረውን ዳማ ፈረሳቸውን ከዓይናቸው ብሌን ለይተው አያዩትም። ታዲያ ንቦቼ ያ ሁሉ አበባ እያለላቸው የፈረሱን አፍንጫ መረጡ። ከንፈሩ አብጦ ሲያዩት ኦቦ ገልገሉ ሽማግሌ ሰበሰቡብኝ።

መስኩ ዳር ካለው ወይራ ሥር ተቀመጥን። ትልቁ ሽማግሌ “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ካሉ በኋላ፣ ቀፎው ቢነሣ ጸሐፊው ይጎዳል፣ ፈረሱ ቢነሣ ገልገሉ ይጎዳል፣ ለመሆኑ የቱን ማንሣት ይቀላል? ብለው ጠየቁ። መልሱ ለሕፃን እንኳ አይጠፋም። ሁለት ቀፎ ወደ ቤቱ ጀርባ ማዞር የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ግን የመንግሥት ሰው ቀፎ እንዴት ለፈረስ ተብሎ ይነሣል? ኮቴን ቆልፌ ተነሣሁና፣ ንቦቹ ካሉበት እንደማይነቃነቁ፣ ይልቁንም ፈረስ በተነደፈ ቁጥር አንድ ጣሳ ማር እንደምክስ ተናገርኩ። ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩት፤ ፈረምኩበትም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኦቦ ገልገሉ ግን “ቶሌ! ጸሐፊ ተናገረ፣ አለቀ” ብለው ተስማሙ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ተመንጥሬም አልጠረጠርኩም።

በማግስቱ ዳማው ወደ መስኩ ማዶ ተዛወረ። በእሱ ቦታ፣ ልክ ከቀፎው ፊት ለፊት፣ አንድ ያረጀ አጋሰስ ፈረስ ታሰረ። ንብ ሲነድፈው ጆሮውን አንዴ አርገፍግፎ ሣሩን ይቀጥላል። ይህን ያህል ትዕግሥት በመሥሪያ ቤታችን እንኳ አላየሁም። ኦቦ ገልገሉ በየምሽቱ እየሳቡ አምጥተው ያበጠውን ያሳዩኛል። ምነው እዚያው ያስሩታል? ብላቸው፣ “ሣሩ የኔ ነው፤ ወረቀትህ ደግሞ የት ይታሰር አይልም” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ።

ኅዳር ላይ ማሩ ተቆረጠ፣ ካሳው ተሰፈረ፣ ለእኔ ሰሙ ተረፈኝ። ባለቤቴ ወንድ ልጅ ታቅፋ ይህን አየችና “እንግዲህ ወላጆቼን ወረቀቱን በጥብጠህ አጠጣቸው” አለችኝ። በዚያው ምሽት ቀፎዎቹን ወደ ቤቱ ጀርባ አዞርኩ። ላብ እንኳ አላላበኝም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው።

የክርስትናው ዕለት አማቶቼ ተኮልኩለው ጠጁን ሲጠብቁ፣ እኔ የምገባበት ጠፍቶኝ ጓዳና ሳሎን ስመላለስ፣ ኦቦ ገልገሉ አንድ ትልቅ ቅል ሙሉ ማር ተሸክመው ከች አሉ። ለልጁ ነው አሉ። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ፤ የበለጠው ግን እፍረቱ ነው። ጠጅ ለመጣል ጊዜ ስለሌለ በውሃ ተበጥብጦ ብርዝ ሆኖ ቀረበ። አማቴ አንድ ጊዜ ጠጥተው፣ እንዲህ ያለ ማር በዕድሜያቸው እንዳልቀመሱ መሰከሩና፣ እርስዎ ንብ ያረባሉ እንዴ? ሲሉ ኦቦ ገልገሉን ጠየቋቸው።

ኦቦ ገልገሉ ወደ እኔ በአክብሮት እጃቸውን ዘርግተው “ኧረ ንቡስ የጸሐፊው ነው” አሉ። “የኔ ፈረሱ ነው።”