ክቡር ዲጋምባር እና ከኋላ የሚቋረጠው መስመር

በዚህ ዓለም ላይ እንደ ሰፈር የኬብል ሰው የሚሰደብ ፍጡር የለም። ቀረጥ ሰብሳቢ ይሰደባል፣ ግን በዓመት አንዴ ነው። አማት ትሰደባለች፣ ግን በሹክሹክታ ነው። የኬብል ሰው ግን በየማታው፣ በየበረንዳው፣ ከነአባቱ ስም ይሰደባል። በማግስቱ ያው ሰዳቢ ሻይ አፍልቶ «ግባ እንጂ፣ ምን ቆመሃል?» ይለዋል።

የእኛው የክሪሽናታት ሰፈር ተሰዳቢ ክቡር ዲጋምባር ሎክሃንዴ ናቸው። ሰፈሩ እንደ ታላቅ ወንድም ቆጥሮ ዲጉ ዳዳ ይላቸዋል። እኔ በአፌ ዲጉ ብላቸውም በጽሑፍ ከክቡርነት ዝቅ አላደርጋቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ጣሪያችን ላይ የሚውል ሰው እንዴት ዝቅ ይደረጋል? ትከሻቸው ላይ ጥቅል ሽቦ፣ ብብታቸው ሥር መሰላል፣ ጥርሳቸው መሐል ፒንሳ አለ። ሲናገሩም ፒንሳውን አያወጡትም፤ ስለዚህ ቃላቸው ሁሉ ተነክሶ ነው የሚወጣው። በበር አንኳኩተው የገቡበት ቤት አላውቅም። ከጣሪያ ወርደው በጓዳ በኩል ብቅ ይሉና የድስቱን ክዳን አንስተው «ዛሬም ምስር ነው?» ብለው ወደ ሥራቸው ያልፋሉ።

መስመር ጠፍቶ ብትደውሉላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ከኋላ ነው የተቋረጠው» ይላሉ። ማለትም ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም፣ ለእርሳቸው ከሚልክላቸው ነው። ይህ ኋላ የሚባለው የት እንደሆነ ሰፈሩ ለዓመታት ሲከራከር ኖሯል። የሒሳብ አስተማሪው መምህር ጆግሌካር ኋላ ማለት ሙምባይ ነው ይላሉ። ፎቅ ላይ የሚኖሩት አሮጊቷ ኢንዱማቲ አጂ ደግሞ ሳተላይቱ ፀሐይ ጀርባ ሲገባ ነው ባይ ናቸው። እኔ የእርድ ቅመም ደላላ ነኝ። የሳንግሊ ገበያ ላይ ስንቱን ውሸት ስሰማ ኖሬ ጸጉሬ ሸብቷል፤ ኋላ የሚባል ቦታ ጨርሶ የለም ብዬ አምን ነበር።

አንድ ጊዜ በክሪኬት ፍጻሜ፣ ሰፈሩ ትንፋሹን ውጦ የመጨረሻዎቹን ኳሶች ሲጠብቅ፣ ድርግም። ሕዝቡ ሁሉ ጣሪያ ላይ ወጣ። ክቡርነታቸው ምሰሶው ላይ ናቸው፤ ከታች የሚወረወረውን ስድብ አንዱንም ሳያስቀሩ እየተቀበሉ ሽቦውን ይከተላሉ። ሽቦው የት ተገኘ? ከኢንዱማቲ አጂ የልብስ ገመድ ጋር ታስሮ፤ ማን እንዳሰረው አትጠይቁኝ። አጂ እርጥብ ሳሪ አስጥተውበት ጎትቶ በጥሶታል። አጂ ሳሪያቸውን እስኪያነሱ፣ ክቡርነታቸው እስኪቀጥሉ፣ ምስሉ ሲመጣ ዋንጫው ተሰጥቶ አልቋል። ከምሰሶው ወርደው ላባቸውን እየጠረጉ «ማን አሸነፈ?» ሲሉ መምህር ጆግሌካር በጫማ ሊመቷቸው ምንም አልቀራቸውም።

የራሳቸው ቻናልም አላቸው። የልደት መልካም ምኞት፣ የጠፋ ጎሽ፣ ውኃ የሚቋረጥበት ቀን ይነገርበታል። የሚነገር ሲያጡ የሰው ሠርግ ያሳያሉ። የመምህሩን ትልቅ ልጅ ሠርግ ደጋግመው ከማሳየታቸው የተነሳ የትኛው እንግዳ ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ ደብቆ ኪሱ እንደከተተ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ከዚያ መንግሥት መጣ። መጀመሪያ በየቤቱ ሪሲቨር ይግባ ተባለ፤ ክቡርነታቸው ተበድረው አስገቡ። ቀጥሎ ማንኛውም የኬብል ሰው የአቤቱታ ቢሮና ታፔላ ይኑረው ተባለ። ቢሮ ከየት ይምጣ? ታፔላውን አጽፈው ስኩተራቸው ላይ ሰቀሉት። ተቆጣጣሪው ቢሮህ የት ነው ሲላቸው «ጌታዬ፣ የሌላው ሰው ቢሮ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የእኔ ወደ አቤት ባዩ ይሄዳል» አሉት። ሰውየውም አስነጠሰ ወይ ሳቀ፣ አልታወቀም፣ ፈርሞ ሄደ።

ሦስተኛው ደንብ ነው ጉድ ያመጣው። ደንበኛው የሚያየውን ቻናል ራሱ ይምረጥ፣ የመረጠውን ብቻ ይክፈል ተባለ። ክቡር ዲጋምባር ደንቡን አንብበው ወደ ቤት ለቤት ዘመቻ ወጡና ለሁላችንም ራሳቸው መረጡልን። ለመምህሩ፣ ፈተና የደረሰ ልጅ ባለበት ቤት የስፖርት ቻናል አይገባም አሉ። ለእኔ ዜና ሲበዛ ለደም ግፊት ጥሩ አይደለም ብለው አንዱን ብቻ ተዉልኝ። ምርጫው የእኔ ነው እኮ ብላቸው፣ እንደ አጎት በአክብሮት ጠርተውኝ «አዎ ካካ፣ የእርስዎ ነው። ይፈርሙ» አሉኝ። ፈረምኩ።

በዚህ መሐል ትልቁ ኩባንያ ከተማው ገባ። የስልኩም፣ የኢንተርኔቱም፣ የቴሌቪዥኑም ጌታ እርሱ ነው። መንገድ ቆፈረ፣ ፋይበር ቀበረ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት በነጻ ሰጠ። የነጻ ነገር ማን ይጠላል? የክቡርነታቸው ሰፈሮች አንድ በአንድ ሄዱ፤ የቀረላቸው ትልቁ ሰፈር የእኛው ብቻ ሆነ። የእኛም ሰፈር ማኅበር ጣሪያችን የቁራ ጎጆ መሰለ ብሎ ከእንግዲህ የሚዘረጋው አንድ መስመር ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ወይ የዲጉ ሽቦ፣ ወይ የኩባንያው ፋይበር፤ እሑድ ጠዋት በጋነሽ ቤተ መቅደስ ግቢ እጅ አውጥተን ልንመርጥ ተቀጣጠርን።

ክቡርነታቸው ለጸጉር ቆራጩ ነግረውታል፤ ክሪሽናታት ከሄደ መሰላሉን ሸጠው የሚስታቸው ወንድም ሸንኮራ እርሻ ላይ ዘበኛ ይሆናሉ። ይህ የሚስት ወንድም ከሠርጉ ዕለት ጀምሮ ይህቺን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው።

እሑድ ዕለት ዋናው ከሳሽ እኔ ነበርኩ። አልዋሽም፣ ንግግሬን ተዘጋጅቼበት ነበር። ቤቴ የማታው ዜና ልክ ሲጀምር ይጠፋል፣ የአየር ጠባዩ ሲደርስ ይመለሳል፤ ዝናቡን አሳይቶ ሚኒስትሩን የሚደብቅ ብልሽት ምን ዓይነት ብልሽት ነው አልኩ። ሰዉ ሳቀልኝ። መምህር ጆግሌካር ተነሱና የካቲትና መጋቢት ሙሉ ቴሌቪዥናቸው ጨለማ እንደነበረ፣ ተፈታኝ ልጃቸውን ጎናቸው አስቀምጠው፣ ከእኔ ድምፅ በላይ ጮኸው ተናገሩ። ኢንዱማቲ አጂ የንጋት መዝሙራቸው በየቀኑ እንደሚቆረጥባቸው አለቀሱ። ምራታቸው ሱሬኻ ደግሞ የምሽት ድራማዋ ልክ የታሪኩ ባል በሩን ሲከፍት እንደሚጠፋባት ተናገረች። የሁሉም ብልሽት የየራሱ ጠባይ ነበረው፤ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ክቡር ዲጋምባር መሰላላቸውን ተደግፈው ይሰማሉ። እኔ ድል ጠጥቼ ሰክሬያለሁ።

«ዲጉ፣ ዛሬ በሕዝብ ፊት ትነግረናለህ» አልኩ። «ይሄ ኋላ ኋላ የምትለው ነገር ምንድን ነው?»

ፒንሳውን ከአፋቸው አወጡት። እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። መምህሩን አዩ፣ አጂን አዩ፣ ሱሬኻን አዩ፣ ከሴቶቹ መሐል የተቀመጠችውን ባለቤቴን ቫሳንቲን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ፒንሳውን መልሰው ነከሱት።

«ከኋላ ነው ካካ» አሉ።

ኧረ ይሄስ ድፍረት ነው ተባለ። የኩባንያው ወኪል፣ ፕራናይ የሚባል ክራባት ያሰረ ለጋ ልጅ፣ ጊዜው የእርሱ መሆኑ ገብቶት ተነሳ። የእነርሱ መስመር አይቋረጥም። ቢፈለግም አይቋረጥም አለ። ሕጉም ቢሆን የተከፈለበት ቻናል ውሉ ላይ ስሙ ያለው ሰው ራሱ በጽሑፍ ካልጠየቀ በቀር እንዳይነካ ያዛል። እጅ ሊወጣ ሲል ሱሬኻ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ማንም ሊያቋርጠው አይችልም?» አለች። «ሰው... ደውሎ ቢለምንስ?»

«ማንም እህቴ። የሚያነሳው ማሽን ነው። ማሽን ደግሞ አይለመንም።»

አጂ አንገታቸውን አሰገጉ። «ምሽት ላይም? ድራማ ሰዓት ላይም?»

«ምሽትም አጂ።»

መምህር ጆግሌካር ልጃቸውን በጎን እያዩ፣ ለምሳሌ ያህል የካቲት ላይስ ብለው ጠየቁ። ፕራናይ የካቲትም መጋቢትም፣ የፈተናው ዕለትም አለ። ልጁ በደስታ ፈካ፤ የአባቱ ፊት ግን ደም የሚባል አልቀረውም። ፕራናይ ምስኪን የምሥራች እያበሰረ መስሎት በአንድ ግቢ ይህን ያህል ሰው ለምን እንዳዘነ ግራ ገባው።

ከሴቶቹ መሐል የቫሳንቲ ድምፅ መጣ። «በማታው ዜና ሰዓትም አይጠፋም?»

ዞሬ አየኋት። ሚስቴ በሕይወቷ ስለ ዜና ጠይቃ አታውቅም። እሷ ግን እኔን አታይም፣ የሳሪዋን ጫፍ እየጠቀለለች መሬት መሬት ታያለች። ወይ ጉድ! ያን ጊዜ ገባኝ። አጂን አየሁ፣ ሱሬኻን አየሁ፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ላለመተያየት ቤተ መቅደሱን ይመረምራሉ። መምህሩ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እያንዳንዱ ሰው ብቻውን የለመነ መስሎት ኖሯል። ከእኔ በቀር ዳኛውም፣ ከሳሹም፣ ምስክሩም የቤቱን ሰው ብልሽት በገዛ አፉ ያዘዘ ነበር፤ አጂ የምራታቸውን ድራማ፣ ሱሬኻ የአማቷን መዝሙር፣ መምህሩ የልጃቸውን ቴሌቪዥን፤ ተከሳሹ ደግሞ አንዲት ቃል ቢተነፍስ እንጀራው ይተርፍለት ነበር። ሆድ ይፍጀው ብሎ ፒንሳውን ነከሰ።

ለኩባንያው እጅ አውጡ ተባለ። የመምህሩ ልጅ እጅ ወጣች፤ ያልደረሰ ልጅ አይመርጥም ተብሎ አባቱ አወረዷት። የእኔም እጅ ተነስታ ነበር። ቫሳንቲ አየቻት። እጄን ወደ ራሴ ወስጄ ጸጉሬን አከክሁባት። ሌላ የወጣ እጅ አልነበረም። መስመሩ የዲጉ ሆኖ ቀረ፤ ሁሉም የሚቸኩልበት ምሳ ትዝ አለው።

ቤት ስንገባ ቫሳንቲ ሳልጠይቃት ተናዘዘች። «ሐኪሙ ወይ ጨው ይተው ወይ ንዴት ይተው አለ። ጨውን እንደማይተዉ አውቃለሁ» አለችኝ። ዜናው ሲጀምር አንገቴ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ ሚኒስትሩን ስሳደብ ስታይ፣ አንድ ቀን እዚያው ወንበር ላይ ድፍት ብዬ እቀራለሁ ብላ ሌሊቱን ስታለቅስ ታድር ነበር። ለዲጉ ነገረችው። ካካ እኔን ነው እኮ የሚሰድቡኝ ብሏታል። አዎ አለችው። ሌላው ሰውስ መቼ ማረኝ ብሎ ሽቦውን ነቀለው።

በማግስቱ ፍለጋ ወጣሁ። ክቡርነታቸውን ከጸጉር ቆራጩ ግድግዳ በተደገፈ መሰላል ላይ አገኘኋቸው። መሰላሉን ያዝኩላቸው። ይቅርታ ልበል? ይሄን ሁሉ ስድብ በየትኛው ይቅርታ ነው የማጥበው?

«ለምን አልተናገርክም?» አልኩ በመጨረሻ። «እንጀራህን ልታጣ ነበር እኮ።»

«ብናገርም ኖሮ ምርጫውን አሸንፍ ነበር ካካ» አሉ ከላይ ሆነው። «ከዚያ በኋላ ግን ማን ጓዳውን ያሳልፈኛል?»

ይሄን ሰውዬ እወደዋለሁ። እነሆ፣ በጽሑፍ። የተቀረው ሰፈርም ይወደዋል፣ ግን ማንም ደፍሮ አይጽፍም። ያ ትልቁ ኩባንያ ፋይበሩን እስከ ጨረቃ ቢዘረጋ፣ ሚስት ባሏን፣ አባት ልጁን፣ ምራት አማቷን አምነው የሚሰጡት አንድ ዲጉ አይገኝለትም።

ሆኖም የሄድኩት ለምስጋና ብቻ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ የሚቀርብ አንድ ኮከብ ቆጣሪ አለ። ቫሳንቲ አንድም ቀን አታመልጠውም። ለባል ጤና ሰኞ ጹሚ ይላታል፣ ትጾማለች። ለባል ንግድ ሐሙስ ጨምሪ ይላታል፣ ትጨምራለች። ሰውዬው በየሳምንቱ አዲስ ጾም ያመጣል፣ ሁሉም ለእኔ ነው፤ የእኔ ሆድ ሲገፋ የእሷ አምባር ከክንዷ እየወለቀ ይወድቅ ጀመር። ብነግራት አትሰማኝም። መሰላሉን እንደያዝኩ ይህንኑ፣ እየተንተባተብኩ፣ ለክቡርነታቸው ነገርኳቸው።

ዲጉ የያዙትን ሽቦ ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አደረጉ።

«የቫሳንቲ ታይ ስድብ ከእርስዎ ይከፋል» አሉ፤ ከመሰላሉ ወርደውም ወደ ጣሪያችን አቀኑ።

በሚቀጥለው ሰኞ ኮከብ ቆጣሪው ግንባሩን ቀብቶ አፉን ሊከፍት ሲል ድርግም አለ። ቫሳንቲ በረንዳው ላይ ወጥታ የዲጉን ዘር እስከ ሰባት ትውልድ አወረደችው፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ ስምንተኛውን ጨመርኩላት። ሲደክማት ገባች። ጹሚ የሚላት ሰው አልነበረምና፣ እየተነጫነጨች ሳህኗን አቀረበችና ሁለት ባክሪ ቂጣ በላች።