ያቀፈች ዶሮ አትጮህም

ዶሮ እወዳለሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ በልቤ፣ «ይሄ ሰው ቀን ተኝቶ አያውቅም» እላለሁ። በወጥ መልክ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ እሱንማ ማን ይጠላል? እኔ የማወራችሁ በሕይወት ስላለችው፣ ጓሮ ስለምትኖረው፣ ፈጣሪ ጉሮሮ ሲያድላት ስላልሰሰተባት ዶሮ ነው።

ደብረ ብርሃን አንድ ክር ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ሠራተኛ ነኝ። የመጣሁት ከአዳማ ነው። ሰው ከዚያ ሙቀት ተነስቶ እዚህ ብርድ ውስጥ ምን ይሠራል አትበሉኝ፤ እንጀራ የጠራው ሰው አየር አይመርጥም። አገር ሲተኛ እሠራለሁ፣ አገር ሲነሳ እተኛለሁ። ጠዋት ስገባ ደጅ ያደረው የባልዲ ውሃ ላዩ በረዶ ሆኖ ይጠብቀኛል። ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ደራርቤ እግሬ እስኪሞቅ እንቀጠቀጣለሁ። ይሞቃል በስንት መከራ። ልክ ሲሞቅ፣ ልክ ዓይኔ ሲከደን፣ እሷ ትጀምራለች።

እሷ ማለት የአከራዬ የእትዬ በለጡ ዶሮ ናት። እትዬ በለጡ ባላቸው ቄስ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ ከአንኮበር መጥተው እዚህ የገቡ፣ ጾምና ቅዳሴ የማያመልጣቸው ሴት ናቸው። ዶሮዋንም ከአንኮበር በብብታቸው ይዘው ነው የመጡት። እሳቸው «ቄቤ» ይሏታል። እኔ «ሳይረን» ነው የምላት።

ዶሮ እንቁላል ስትጥል ታስካካለች፤ ያለ ነው። የአዳማ ዶሮም ታስካካለች። ይቺ ግን አንዲት እንቁላል ጥላ ማዶ ሰፈር ጠባሴ ድረስ ታሰማለች። አጥር ላይ ትወጣለች፣ አንገቷን ትሰብቃለች፣ «ኳ ኳ ኳ ኳኳኳ!» ስትል መስኮቴ ይንቀጠቀጣል። አለቀ ስትሉ ትንሽ ታርፍና እንደገና ከሥር ትጀምረዋለች። ምናልባት ያልሰማ ቢኖር ብላ መሆኑ ነው። የኔን ሁለት እጅ የምታክል ፍጥረት ያን ሁሉ ድምፅ የት እንደምታስቀምጠው ሳስብ፣ እየተናደድኩም ቢሆን ይገርመኝ ነበር።

አንድ ቀን ደሜ ፈላና አሮጌ ጫማዬን በመስኮት ወረወርኩባት። ሳትኳት። ወጥቼ ላነሳው ብርዱን ፈራሁና እዚያው ተውኩት። በማግስቱ ባየው ውስጡ እንቁላል አለ። ጫማ ለወረወረባት ሰው እንቁላል! ቀኝ ጉንጭህን ለመታህ ግራውን ስጠው ሲባል ስንት ዘመን ሰምቻለሁ፤ ሲደረግ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው፣ ያውም በዶሮ።

እንግዲህ አቤት ልበል ብዬ እትዬ በለጡ ዘንድ ገባሁ። እንቅልፍ ማጣቴን፣ ራሴን ማዞሩን፣ ዓይኔ ደም መምሰሉን ዘረዘርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ሴት ስትወልድ ማን ነው እልል የሚለው ብለው ጠየቁኝ። ጎረቤት አልኳቸው። ለወንድ ስንት ጊዜ? ሰባት። ለሴትስ? ሦስት። ዶሮ ስትወልድስ ማን እልል አለላት?

«ሰው እልል ካላለላት ራሷ ትላለቻ» አሉ፤ «ወልዳ ዝም ትበል?»

ይሄን ምን ብላችሁ ትመልሱታላችሁ? የቄስ ሚስት ናቸው፣ ክርክር ከኔ በላይ ያውቃሉ። እኔ የቀረችኝ ተስፋ የገና በዓል ነበረች። ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ጾሙ ሲፈታ ሳይረን ድስት ትገባለች፣ እኔም እተኛለሁ ብዬ አሰብኩ። ነገሩን ጠጋ ብዬ ባነሳው እትዬ በለጡ፣ የምትጥል ዶሮ የሚያርድ ምን ዓይነት ቤት ነው ብለው ተቆጡኝ። ተስፋዬም በዚያው አበቃ።

አሁን ወደ መከራው ልግባ። አንድ ሌሊት ማሽኑ ላይ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቆሜ ነው የምላችሁ፣ እንደ ፈረስ። ክሩ ተበጥሶ ተጠምጥሞ ማሽኑ ሲጮህ ነው የባነንኩት፤ ዓይኔን ስገልጥ የሺፍት አለቃችን ጋሽ ታፈሰ ፊቴ ቆመዋል። ጋሽ ታፈሰ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንቅልፍ ላይ ግን ምሕረት የላቸውም።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ።

«ዶሮ ናት» አልኳቸው።

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ታፈሰ አልሳቁም። የሚኖሩት ከእትዬ በለጡ አጥር ማዶ ነው፤ እሳቸውም እንደኔ ቀን ነው የሚተኙት። «ያቺን ዶሮ እኔም አውቃታለሁ፣ እንዲያውም የኔ አውራ ዶሮ አጥር እየዘለለ እሷ ዘንድ ነው የሚውለው» አሉ። «የለመደ ጆሮ ዶሮ አይሰማም፤ ሰበብ ካማረህ ሌላ ፈልግ። ካስቸገረችህ ደግሞ አሳቅፋት፣ ያቀፈች ዶሮ አትጮህም። ከእንግዲህ ተኝተህ ባገኝህ ግን ዶሮም አታድንህም፣ ትሰናበታለህ።» ይህን ብለውኝ ሄዱ። እንጀራዬ በዶሮ ጉሮሮ ላይ ተንጠለጠለች ማለት ነው።

ምክሩን ይዤ ጠዋት እትዬ በለጡ ደጅ ቆምኩ። ደስ አላቸው! በጾሙ እንቁላል የሚበላ ስለሌለ ተጠራቅሟል፤ ቄቤም ሰሞኑን ማቀፍ አምሯታል። ግን የት ትቀመጥ? ጓሮ እንዳትሆን ውርጩ እንቁላሉን ይገድለዋል። እሳቸው ቤት እንዳትሆን ድመት አለ። አዩኝ። አየኋቸው።

«ያንተ ቤት ቀን ቀን ሰው ይተኛበታል፣ ይሞቃል» አሉ።

ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ ይባል የለ? የጫርኩት እኔ ነኝ። ጸጥታ ልለምን ሄጄ ሳይረንን ከነቅርጫቷ፣ ከነጭዷ፣ ከነእንቁላሏ ይዤ ተመለስኩና አልጋዬ ሥር አስገባኋት።

እናም ጋሽ ታፈሰ እውነታቸውን ነበር። ዝም አለች። ያቺ ጠባሴን የምትቀሰቅስ ዶሮ ጭጭ አለች። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ሕፃን ተኛሁ፤ ማሽን ላይም ዓይኔ እንደ ፋኖስ በራ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው የሚፈልገውን ጸጥታ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ጸጥታው ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ያምረዋል። ጎንበስ ብዬ ማየት ጀመርኩ። በቀን አንዴ ብቅ ትላለች፤ ገብሷን እየተጣደፈች ትለቅማለች፣ ውሃ ትጎነጫለች፣ እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝ ሮጣ ትመለሳለች። በምንቃሯ እያንዳንዷን እንቁላል ታገላብጣለች፤ የዳሩን ወደ መሀል፣ የመሀሉን ወደ ዳር። ማን አስተማራት? አንድ የውርጭ ጠዋት፣ ጣቶቼ ደንዝዘው፣ እጄን ቀስ ብዬ ሆዷ ሥር ሰደድኩ። እሳት ነው እላችኋለሁ። የደረቷን ላባ ነቅላ ሥጋዋን ከእንቁላሉ ጋር አገጣጥማለች። እኔ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ለብሼ የራሴን እግር ማሞቅ ያቃተኝ ሰውዬ፣ እሷ በዚያ ብርድ የራሷን ልብስ አውልቃ ያን ሁሉ ታሞቃለች። አፈርኩ። እሷ ደግሞ እጄን ነከሰችኝ፤ ደግ አደረገች።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ስንቴ ሰምተነዋል? ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተጽፎ አይቻለሁ። ተረቱ አንድ ነገር ዘሎብናል። እንቁላል ዝም ብሎ በእግሩ አይሄድም፤ የሆነ ፍጥረት ከላዩ ላይ ሳይነሳ፣ በልቶ ሳይጠግብ፣ አፉን ዘግቶ ሲቀመጥለት ነው። ምስጋናውን ግን ለእንቁላሉ ሰጥተን አረፍን።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ገና ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ጋደም እንዳልኩ «ጭ... ጭ...» የሚል ነገር ሰማሁ። አይጥ መሰለኝ። በሆዴ ተኝቼ አልጋ ሥር ገባሁ። አይጥ አይደለም። ድምፁ የሚመጣው ከእንቁላሉ ውስጥ ነው! ገና ያልተሰበረ፣ ድፍን እንቁላል እኮ ነው። ሳይረንም ትመልስለታለች። በምን ድምፅ መሰላችሁ? ጉሮሮዋ ውስጥ በቀረ፣ እኔ እንዳላት በማላውቀው፣ ዝቅ ባለ፣ ለስላሳ ድምፅ። እሱ ጭ ይላል፣ እሷ ታጉረመርማለች። ዝም ትላለች፣ ይጠራታል። ለአንዲት እንቁላል አገር ስታናውጥ የነበረች ዶሮ፣ ትልቁ ነገር ሲመጣ ተንሾካሾከች። ቤተ መቅደስ የገባሁ ይመስል ጭንቅላቴ ላይ ያለውን ኮፍያ አወለቅሁ። አልጋ ሥር ሆኜ ኮፍያ ሳወልቅ የሚያየኝ ሰው አለመኖሩ ደግ ነው።

እንቅልፍ ማን ትዝ ብሎት! እዚያው በሆዴ እንደተኛሁ እኩለ ቀን ሆነ። ከዚያ አንዷ እንቁላል ተሰነጠቀች። አንድ የመርፌ ጫፍ የምታክል ምንቃር ብቅ አለች፣ ደከማትና አረፈች፣ እንደገና ገፋች። ቅርፊቱ ሲከፈት እርጥብ፣ ቀጭን፣ ቀይ ቡኒ ጫጩት ተንገዳግዶ በእግሩ ቆመ። በእግሩ!

ተወልዶ እልል ሊባልለት ይገባል። ግን ማን ይበል? እትዬ በለጡ ቅዳሴ ሄደዋል። ግቢው ባዶ ነው። ሳይረን እንደሆነች ዛሬ ሥራ ላይ ናት። ወንድ ልጅ እልል አይልም፣ አውቃለሁ። ግን ዝም ይባላል? ከአልጋው ሥር ወጥቼ በሩን ከፍቼ እልልታውን ለቀቅኩት። ወንድ ይሁን ሴት አላወቅሁም፤ ለጥንቃቄ መጀመሪያ ሰባት አልኩ፣ ቀጥዬ ሦስት ጨመርኩ። እናንተዬ፣ እልልታ ልምድ ይፈልጋል። የኔው ከእልልታ ይልቅ ፍየል ሲታነቅ ነው የሚመስለው።

ከአጥሩ ማዶ በር ተበርግዶ ሲከፈት ሰማሁ። ጋሽ ታፈሰ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ አንድ እግራቸው ካልሲ ብቻ አድርጎ፣ ዓይናቸው ደም መስሎ ግቢያችን ገቡ። እንጀራዬ ስትሄድ ታየችኝ። እትዬ በለጡም ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቅዳሴ እየተመለሱ ኖሮ እኩል በር ላይ ተገናኙ።

«ምንድን ነው? ሰው ሞተ ወይስ ቤት ተቃጠለ?» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

እትዬ በለጡ ጉልበቴ ላይ የተጣበቀውን ጭድ አዩ። አልፈውኝ ገብተው አልጋው ሥር አዩ። ተመልሰው ወጡና ጋሽ ታፈሰን በርኅራኄ ተመለከቷቸው።

«ምን ያድርግ አቶ ታፈሰ? ወልዶ ዝም ይበል?»

ጋሽ ታፈሰ ቁጣቸው አፋቸው ላይ እንዳለ ገቡ። ተንበረከኩ። ያን ቀይ ቡኒ ጫጩት አዩት፤ ቀለሙ ቁርጥ የእሳቸው አውራ ዶሮ ነው። ሁለተኛው ሲሰነጠቅም አዩ። «አይ የፈጣሪ ሥራ» አሉ። ልጅ እንደወለደ ሰው ተራ በተራ እየቆጠሩ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ አልጋዬ ሥር ዋሉ። ሥራ መግቢያ ሲደርስ እኔ ነኝ ጎትቼ ያወጣኋቸው።

ያን ሌሊት ሁለታችንም ያልተኛን ነን። እኔ ከመደነቄ የተነሳ ዓይኔ ፈጦ አደረ። ወደ ሌሊቱ እኩሌታ ክር ላመጣ ሳልፍ ጋሽ ታፈሰ ወንበራቸው ላይ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል። ያንኮራፋሉ። ቆሜ አየኋቸው። ያን ጊዜ የሳቀው ሠራተኛም ከየማሽኑ ብቅ ብቅ አለ። ድንገት ባነኑ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ዶሮ ናት» አሉኝ።

«ያቀፈች ዶሮ እኮ አትጮህም» ልላቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እኔም ያቀፍኩት እንጀራ አለኝ።