ብሎኑ ዋስትና አለው

ሰው ቤት ሊገዛ ሲመጣ በሩን ያያል፣ ቀለሙን ያያል፣ ሴራሚኩን በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርጋል። ስለ መሠረቱ የሚጠይቅ ግን አላየሁም። አርባ ዓመት ያህል ካዛንቺስ ውስጥ ድንጋይ ስጠርብና ስገነባ ኖሬ፣ «ጋሼ፣ ከሥር ያለው መሬት ምን ዓይነት ነው?» ያለኝ ሰው ቢኖር ስሙን አልረሳም ነበር። መሠረት አይታይማ! የማይታይ ነገር ደግሞ እንግዳ አያስደንቅም።

ጥርስም እንዲሁ ነው። ይህን የተማርኩት በገዛ አፌ ነው።

የፊት ጥርሴን የነቀለው ንፍሮ ነው። ቂርቆስ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አንድ እፍኝ ወደ አፌ ብል ከስንዴው መሃል ጠጠር ኖሯል። ድንጋይን ዕድሜ ልኬን ስመታው ኖሬያለሁ፤ ቂሙን ይዞ ቆይቶ በእርጅናዬ መለሰልኝ። ከሕመሙ የተነሳ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የሟቹ ሚስት አየችኝና፣ «ለካ ጋሽ ደምሴ እንዲህ ይወዱት ኖሯል!» ብላ እንደ አዲስ አለቀሰች። ምን ልበላት? ሟቹን በወር አንዴ እድር ላይ ከማየት በቀር አላውቀውም። ጥርሴን መዳፌ ውስጥ ጨብጬ አብሬያት አለቀስኩ። በዚያ ድንኳን ከልቡ ያለቀሰ ቢኖር ከእሷ ቀጥሎ እኔ ነኝ።

ለእኔ ቢሆን ክፍተቱ ግድ አልነበረኝም። ብዙ አልናገርም፤ አፌን የምከፍተው ለምግብና ለማዛጋት ነው። ግን ልጄ ሰብለ ጥር ላይ ልታገባ ነው። እናቷ የለችም፤ ምርቃቱ የእኔ ብቻ ነው። «አባዬ፣ በዚህ ጥርስ ልትመርቀኝ ነው? ቪዲዮ እኮ ነው! ‹ይባርካችሁ› ስትል የሚወጣው ነፋስ ነው» አለችኝ። ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። እናቷ ብትኖር ስለ አንድ ሽማግሌ ጥርስ እንዲህ እንደማትጨነቅ ገባኝ። እሺ አልኩ።

ሰኔ ላይ ደምበል አካባቢ ጥርስ በብሎን ወደሚተክል አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። ወረቀቷን ይዛ መጠየቅ ጀመረች። የምትጠይቀው እኔን ነው፣ የምትመልሰው ሰብለ ናት።

«ሲጋራ ያጨሳሉ አባባ?» «ኧረ አባዬ! እማዬ ለምናው፣ እሷ ካረፈች ጀምሮ በአፉ አልዞረም!» እውነት ነው፣ ለምናኛለች። እውነት ነው፣ ትቼ ነበር። አንድ ሱባዔ ያህል። «ስኳር አለባቸው?» «ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው!» ያለ ስኳር የምጠጣው ጤና ጣቢያ ስኳር አለብህ ስላሉኝ ነው። «ሲተኙ ጥርስ ያፋጫሉ?» «አባዬ? ኮሽ አይልም!» እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኔን የዳሩኝ ለወፍጮ ቤት ነው» ትል ነበር።

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞራ፣ «እውነት ነው አባባ?» አለችኝ። ኮርኒሱን አየሁ። ጥግ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ቀለም ቀብተውታል፣ ከግንበኛ ግን አይደበቅም። «እሷ ካለች ነው» አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህን የተረተው ሰው ልጁን አስከትሎ ሐኪም ዘንድ አልሄደም። ልጄን በሰው ፊት ውሸታም ላድርጋት? ይሉኝታ የሚባለው ነገር እኮ አጥንታችን ድረስ ገብቷል። የጥርስ ብሎን እንደዚያ ቢገባ ማን ይነቅለው ነበር?

ከዚያ አስረዳችን። ብሎኗ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ትገባለች፤ አጥንቱ አድጎ እስኪይዛት ወራት ይጠበቃል፤ ጥርሱ ላይዋ የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። የሲጋራ ጭስ ቦታውን ደም ያሳጣዋል። ልክ ያለፈ ስኳር ቁስሉን አያሽረውም። ድዱ ካልጸዳ ይመግላል፣ አጥንቱም እየሸሸ ይሄዳል። ማፋጨት ያናጋታል። ካለቀ በኋላም ቢሆን በቀጠሮ እየመጡ ማሳየት ግድ ነው። ሁሉም ገባኝ። ስሚንቶም ውሃ ካልጠጣና ካላረፈ ሸክም አይችልም። ይህን ለስንቱ ባለቤት ተናግሬ ስንቱ «አንተ ዝም ብለህ ገንባ» ብሎኛል!

ሰብለ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዋስትና አለው?»

«ብሎኑ ዋስትና አለው» አለች ዶክተሯ። «ዋስትና የሌለው አፉ ነው።»

በዚያው ሳምንት ብሎኗን ስትተክልልኝ የጥንቃቄ ወረቀትም ሰጠችን። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዲግሪ ያላት ልጄ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ እዚያው ቀረ። እሷ አላነበበችም፣ እኔ የሰማሁትን አልፈጸምኩም። መማርና አለመማር እኩል የሚሆኑበት ቦታ አለ ማለት ነው።

የሲጋራ ጓደኛዬ በየነ ነው። ሁለታችንም ከልጆቻችን ተደብቀን ከአንድ ኪዮስክ ጀርባ እናጨሳለን፤ በዚህ ዕድሜያችን፣ እንደ ተማሪ። የሆነውን ስነግረው፣ «ብሎን ሳንባ አለው እንዴ?» አለና ክብሪቱን ጫረልኝ። ክርክሩ ጥሩ መሰለኝ። ሰው የሚፈልገውን የሚነግረው ወዳጅ አያጣም።

ኅዳር ሲያልቅ ጥርሱ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ አፌ የእኔ መሆኑ ቀረ። ዘመድ በመጣ ቁጥር «አባዬ፣ እስኪ ሳቅ በል!» ይባላል። እስቃለሁ። ያያሉ፣ ያደንቃሉ፣ አንዷ የሰብለ አክስትማ በጣቷ ነካችው። ስለ አጥንቱ የጠየቀ የለም። መንገድ ዳር ያለ አጥር ሆንኩ፤ ፊቱ ቀለም፣ ጓሮው ፍርስራሽ።

ታኅሣሥ ላይ ድዴ ይደማ ጀመር። በምላሴ ገፋ ሳደርገው እሺ ይላል። የሚወዛወዝ ምሰሶ ደግሞ አውቃለሁ። ሰብለ በስልክ «አባዬ፣ ቀጠሮህ እኮ ደርሷል» ስትለኝ «ምን አመመኝና?» አልኳት። ካላመመን ደህና ነን የሚል እምነት አለን። ቤት ሊወድቅ ሲል ያለቅሳል እንዴ? ዝም ብሎ ነው የሚወድቀው።

ሠርጉ ደረሰ። ሳቅሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ለስላሳ ለስላሳውን በላሁ። ደህና አመሸሁ ስል የሙሽራው አባት ክንድ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልሎ መጣ። አፌን ብዘጋ አማች መናቅ ነው፤ ከፈትኩ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አለና ሁለተኛውን ደገመ። ጥሬ ሥጋ ነበረው። ሥጋው ወደ ውስጥ ሲሄድ ጥርሴ ከነብሎኑ ከቦታው ተነሳ።

በዚህ መሃል ማይክ ሰጡኝ። የሙሽሪት አባት ይመርቅ ተባለ። ሰብለ በነጭ ልብሷ ቆማ ታየኛለች። አፌን ጨምቄ «እምም» ብል ቪዲዮው ያምራል፤ ልጄ ግን ሳትመረቅ ልትቀር ነው። ጥርሱን በናፕኪን ተቀበልኩት። ለቅሶ ቤት እንዳደረግኩት ጨበጥኩትና አፌን እንዳለ ከፈትኩት። «ልጆቼ፣ ለሰው የሚታየው ይቅርባችሁ። የማይታየው ይጽናላችሁ» አልኩ። ነፋሱ በማይኩ ፉጨት ሆኖ ወጣ። አዳራሹ «አሜን!» ብሎ ተናወጠ። የእድሩ ሰብሳቢ «ይህ ሰው ትንሽ ይናገራል፣ ሲናገር ግን ጥልቅ ነው» አለ። ስለ መንጋጋዬ እያወራሁ እንደሆነ የገባት ሰብለ ብቻ ናት፤ እያለቀሰች ሳቀች፣ በዓይኗም ጭምር።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ክሊኒኩ ተመለስን። ልጄን በር ላይ አስቀርቼ ብቻዬን ገባሁ። ሲጋራውን፣ ስኳሩን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። በአንድ ዓመት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። «ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አሉ?» አለች ዶክተሯ። «ልጄ እየተናገረች ነበራ!» አልኳት። ሲጋራው ይቁም፣ ስኳሩ ይስተካከል፣ አጥንቱ ይዳን፣ ከዚያ እናያለን አለች። ለሰብለም ራሴ ነገርኳት። አኮረፈችኝ፤ ግን ክንዴን አለቀቀችም።

አማቼ ዳዊት፣ የሰብለ ባል፣ አብሮን መጥቶ ነበር። ድዱ ይደማል አሉ። በተራው እኔንና ሰብለን አስከትሎ ገብቶ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ዶክተሯ ወረቀቷን አነሳች። «ሲጋራ ታጨሳለህ?» ሰብለ ቀድማ፣ «ኧረ ዳዊት! ሽታውንም አይወድ!» አለች።

ዳዊት ኮርኒሱን አየ። ጥጉ ላይ፣ ስንጥቋን። እኔ ደግሞ ዳዊትን አየሁት፤ ቀለበት ካሰረ ጀምሮ ከዚያ ኪዮስክ ጀርባ የእኔና የበየነ ሦስተኛ እሱ ነው። ከዚያ እኔም ዓይኔን ወደ ኮርኒሱ መለስኩ።

ዶክተሯ ግን በእኔ አፍ ላይ ትምህርቷን ጨርሳለች። ብዕሯን አስቀመጠችና፣ «ሰብልዬ፣ እስኪ አንዴ ውጪ ጠብቂን» አለቻት።