አሁን የት ነህ?

ከወንበሩ ሳይነሳ ሩቅ ያለ ኮምፒዩተር የሚያዝ ሰው ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንዲት ደዝሊ አትጠፋም። የእኛዋ፣ የአውስትራሊያዋ ከተማ የኬርንሷ፣ ክብርት ወይዘሮ ደዝሊ ፓስኮ ናት። መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነው፤ ለማንም የማታቀምሰው የዝንጅብል ብስኩት ከእጇ አይለይም።

ከእኛ በስተሰሜን ባሉት የቶረስ ወሽመጥ ደሴቶች ላይ የውሃ ፓምፕ የሚቆጣጠሩ፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች አሉን። እኛ እዚህ ስክሪናችን ላይ ጥቁር መስኮት ከፍተን ትእዛዝ እንጽፋለን፣ ማዶ ያለው ማሽን ይታዘዛል። ችግሩ፣ መስኮቶቹ ሁሉ መልካቸው አንድ ነው። የራስህን ኮምፒዩተር ያጠፋህ መስሎህ የአንድ ደሴት ውሃ ትዘጋለህ። ስለዚህ ደዝሊ «ደህና አደርክ» ከማለቷ በፊት «አሁን የት ነህ?» ትላለች።

አንድ ቀን የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ በየዋህነት «ቢሮዬ ነኛ!» ቢላት፣ «ገላህን ማን ጠየቀህ? መስኮትህ የት ነው?» ብላ አፈጠጠችበት። ባሏ እንኳ ከገበያ ሲደውል መጀመሪያ የሚሰማው ይህንኑ ነው።

ሌላው እምነቷ ትርፍ መስኮት ነው። ማን መግባት እንደሚችል የሚወስነውን የማሽኑን መግቢያ ስታስተካክል ተሳስተህ ራስህን ውጭ ልትቆልፍ ትችላለህ፤ ቀድሞ የገባ መስኮት ግን አይባረርም። እናም አንድ ሌላ ከፍተህ ሳትነካው ታስቀምጣለህ። «አንድ እግርህ ውስጥ ይቆይ!» እያለች ትዞራለች። እኔም በዚህ ስቀልድባት ኖሬአለሁ።

ባለፈው ዓርብ ግን ጉድ ፈላ። በማግስቱ አንዷ ደሴት ላይ የመቃብር ሐውልት ምረቃ ነበር፤ እዚያ ይህ ትልቅ ድግስ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ከየደሴቱ በጀልባ ይጎርፋል። ደዝሊ ውሃው ለእንግዳው እንዲበቃ የፓምፑን ሰዓት ልታራዝም ገባች። ፓምፑን አቆመችና እግረ መንገዷን የማሽኑን መግቢያ አስተካከለች። ከዚያ ወጥታ እንደገና ልትገባ ሞከረች።

«አላስገባም አለኝ» አለች።

«ትርፉ መስኮትስ?»

«ዘጋሁት። የሌላ ማሽን መስሎኝ…»

ስልኩ ጮኸ። የደሴቷን ውሃ የሚጠብቀው፣ ሁላችንም አጎቴ የምንለው ዋለስ ነበር። «ደዝ፣ እህቴ፣ ፓምፑ ጸጥ ብሏል። ታንከሩ ለነገ አይደርስም። እንግዶቼ በኮኮናት ውሃ ይታጠቡልሽ?»

ማሽኑ የተቆለፈበት ሳጥን ቁልፍ እኛ ዘንድ ነው፤ አውሮፕላን ደግሞ እስከ ሰኞ የለም። ደዝሊ ፊቷ አመድ መሰለ። ግንባሯ ላይ ያለውን መነጽር ጠረጴዛው ላይ ትፈልግ ጀመር። አንጀቴን በላችው።

«ደዝሊ፣ እስኪ የት ነህ በይኝ» አልኳት።

«ሮሃን፣ አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?»

«በይኝ እንጂ!»

«እሺ፣ አሁን የት ነህ?»

«ደሴቷ ላይ። ውስጥ ነኝ።»

ወንበሯን እየጎተተች መጣች። እጄ ወደ ኪቦርዱ ሲሄድ መዳፌን መታችኝ። «ቆይ! መጀመሪያ ስሙን ጠይቀው!» ጠየቅኩት፤ ማሽኑ የደሴቷን ስም መለሰ። መግቢያውን ወደ ነበረበት መለስን፣ ፓምፑንም አስነሳን። አጎቴ ዋለስ በስልኩ «ተነሳ! ተነሳ!» እያለ ሲጮህ ሰማነው።

«ለመሆኑ ትርፍ መስኮት ማን ክፈት አለህ?» አለችኝ።

«አንቺ ነሻ። በገባሽ ቁጥር እኔም አንድ እከፍታለሁ።»

እውነቴን ነው፤ እየቀለድኩም እከፍት ነበር። እንደ እህቴ የምወዳትን ሴት ብቻዋን እዚያ ድረስ አልልካትም።

ደዝሊ ብስኩቷን ለሁለት ገመሰችና ትልቁን ሰጠችኝ።