አራቱ ቋንቋዎች በየተራ

እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ያለው የተከበረው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ድረ ገጹን ባለ አራት ቋንቋ ለማድረግ ወሰነ። የቋንቋ መምረጫውን እንዲሠራ የታዘዘው ቀጸላ ነው፤ ቀን ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋል፣ ሲመቸው ኮምፒውተር ይነካካል።

ቀጸላ የቸኮለው ለአማቱ ለወይዘሮ ጌጥነሽ ብሎ ነው። እሳቸው ማኅበሩ በሚከፍተው የእንግሊዝኛ ክፍል ለመማር ቋምጠዋል። ሐኪም ዘንድ በገቡ ቁጥር ሕመማቸውን በአስተርጓሚ አፍ መናገር አንገፍግፏቸዋል። ምዝገባው በድረ ገጹ ብቻ፣ ያውም ለአንድ ቀን ነው፤ በሰው ማስመዝገብ ደግሞ በደንቡ ክልክል ነው።

መቼስ ማኅበር ያለ ስብሰባ አይሆንም። «የትኛው ቋንቋ ከላይ ይሁን?» የሚለው ጥያቄ ሦስት እሑድ ፈጀ። በመጨረሻም፣ አድልዎን ከሥሩ ለመንቀል ሲባል፣ ቋንቋዎቹ በየቀኑ ቦታ እንዲለዋወጡ ተወሰነ። የቋንቋዎቹ ስም በማን ፊደል ይጻፍ ሲባልም ሊቀመንበሩ አቶ ወልደገብርኤል ተነሡ። «ማንም ቅር እንዳይለው አራቱም በእንግሊዝኛ ይጻፉ» አሉ። ተጨበጨበ።

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ሰው አማርኛውን ፍለጋ ምን አመጣው?» አለ ቀጸላ።

«አንተ ቴክኒኩን ያዝ፤ እኩልነቱን ለእኛ ተወው» አሉት።

ቀጸላ እንደታዘዘው ሠራ። ቤት ሲገባ አማቱን አስቀምጦ «እማዬ፣ ነገ ምዝገባው ሲከፈት ይጫኑት፤ አማርኛው ከላይ ሁለተኛው ነው» ብሎ አሳያቸው። የቦታ መለዋወጡን ነገር በድካም ብዛት ረስቶት ነበር። በማግስቱ እሱ ሥራ ላይ ሳለ ወይዘሮ ጌጥነሽ ደወሉ።

«ሁለተኛውን ተጫንኩ። ፊደሉ የኛው ነው፤ ነገሩ ግን አልገባኝም።»

«እሱ ትግርኛ ነው። ለካ በየቀኑ ቦታ ይለዋወጣሉ! አማርኛው ዛሬ የቱ ጋ እንደሄደ እንጃ፣ ማታ ስመጣ አየዋለሁ።»

ማታ ሲደርስ የአንድ ቀኑ ምዝገባ ተዘግቷል። ቀጸላን የገዛ እጁ ሥራ መሆኑ አሳፈረው።

የሚቀጥለው እሑድ አቶ ወልደገብርኤል ሪፖርት አቀረቡ። «ለእንግሊዝኛ ክፍሉ የተመዘገበ አንድም ሰው የለም። ይህም ኅብረተሰባችን ቋንቋውን ጠንቅቆ ማወቁን በማያሻማ ሁኔታ ያረጋግጣል። ስለዚህ ክፍሉ ታጥፏል፤ ለአባላትም የእንኳን ደስ አላችሁ ደብዳቤ ይላካል።» ተላከም፤ በእንግሊዝኛ።

ወይዘሮ ጌጥነሽ ፖስታውን ለቀጸላ ሰጡት።

«ምን ይላል?»

ቀጸላ ከፍቶ አነበበው። «እንግሊዝኛ በማወቅዎ እንኳን ደስ አለዎት ይላል፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ጌጥነሽ ወረቀቱን ተቀብለው በጥንቃቄ አጠፉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ደግ። ማክሰኞ ሐኪም ቤት ስሄድ ይቺን አሳያቸዋለሁ፤ አስተርጓሚውን ለሌላ ይስጡት።»