መኪና ሳሞቅ ከርሜ ሙሽራ አስቆምኩ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ከባለጉዳይዋ ስሙት።

ቪዲዮው ሰሞኑን መውጣቱ አይቀርም። የሰርጉ ካሜራማን አንዲት ነገር ሳያስቀር ቀርፆኛል!

አሁን የምጽፍላችሁ ከሰርግ አዳራሽ ውጪ፣ ፓርኪንግ ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ውስጥ ጭፈራው ደርቷል። እኔ መውረድ አልችልም። ለምን? ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልነሳ።

የዛሬዋ ሙሽራ ቤቲ ናት። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት የእትዬ ጽጌ ልጅ።

እትዬ ጽጌ ማለት፣ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚገቡት እሳቸው ቤት ነው። እኔ ከሥራ እስክመጣ ያበሏቸዋል፣ የቤት ሥራ ያሠሯቸዋል፣ ሲያጠፉም ይቆጧቸዋል። ለዓመታት! አንድ ቀን ደከመኝ ብለው አያውቁም። አንድ ነገር ጠይቀውኝም አያውቁም።

በቀደም ግን ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ያቺን ነጭ መኪናሽን ለቤቲ ሰርግ ታውሺኝ ይሆን?" አሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው።

ማዋስ ይባላል እንዴ! ራሴ ሾፌር ሆኜ ነው እንጂ አልኳቸው። ውለታቸውን የምመልስበት ቀን መጣልኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

እንግዲህ መኪናዋ ሃይብሪድ ናት፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ። ከዱባይ የመጣች፣ ያገለገለች ግን እንደ አዲስ። አንድ ጉድለት ብቻ አላት፤ ስክሪኗ የሚጽፈው በዓረብኛ ነው። ቋንቋውን እናስቀይረዋለን እያልን ዛሬ ነገ ስንል ቆየን።

ባሌ ሰለሞን ለሥራ ፊልድ ሲወጣ ቁልፉን ለእኔ አስረከበኝ። ሲያስረክበኝ ታዲያ ብዙ ተናገረ። ቆማ እንዳትከርም፣ ንጂያት። ካልነዳሻት አልፎ አልፎ አስነሺያት። ፍሬን ረግጠሽ የማስነሻውን በተን ተጫኚ፣ "ሬዲ" የምትለዋ መብራት ስትበራ ለግማሽ ሰዓት ተያት፣ ትንሿ ባትሪ ቻርጅ ታደርጋለች።

እኔ ሽሮ እያማሰልኩ ነበር። እሺ፣ እሺ፣ እሺ አልኩት። ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ የገባው "ግማሽ ሰዓት" ብቻ ነው!

መንዳቱንማ መቼም አላስበውም። የእኛን ግቢ ፓርኪንግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መኪናሽን አንዴ ካንቀሳቀስሽ ቦታው የሌላ ነው። በተለይ ጋሽ ከድር፣ ተክለ ሃይማኖት ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን፣ አንዴ ወጣ ብዬ ስመለስ አሮጌ መኪናቸውን ቦታዬ ላይ አቁመው አገኘኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬ ቀዘቀዘ፣ መኪናዬም ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። እኔ ሜክሲኮ ቢሮዬ የምሄደው በታክሲ፣ ተጋፍቼ!

መኪና ገዝቶ ለታክሲ የሚሰለፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በቃ እኔ ነኝ።

ግን ማታ ማታ ከሥራ ስገባ፣ ደረጃውን ከመውጣቴ በፊት፣ መኪናዬን "አሞቃለሁ"።

እውነቱን ልንገራችሁ? እናቶች ይገባችኋል። ቤት ከገባሁ እማዬ ውሃ፣ እማዬ እርሳሴ፣ እማዬ መታኝ ነው። ቢሮ አለቃዬ፣ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ። በዚህች ምድር ላይ ማንም የማይጠራኝ ቦታ ያቺ የሾፌር ወንበር ብቻ ናት! በተኑን እጫናለሁ፣ ራዲዮ እከፍታለሁ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ፣ እግሬን አጥፌ ቁጭ። ገነት!

ሞተሩ አይሰማም። ሃይብሪድ ድምፅ የላትም ተብሎ የለ! እኔ ደግሞ እየሠራች ነው ብዬ ልቤ ሙሉ ነው።

ከትናንት በስቲያ ስክሪኑ ላይ የሆነ የዓረብኛ ጽሑፍ ብልጭ አለና ራዲዮው ቀጥ አለ። ሰላምታ መሰለኝ። "ደህና እደሪ እሺ" ብያት ቆልፌ ወጣሁ። ትናንት ደግሞ በሰርጉ ሽር ጉድ መኪናዋ ውስጥ አልገባሁም።

አትሳቁ። ገና ነው።

ዛሬ ጠዋት ግቢው በድንኳን ተሞልቷል። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ደረሰ፣ በሩ ላይ ያለው ሙግትና ጭፈራ አለቀ፣ ቤቲ እንደ ጨረቃ ሆና ወረደች። መኪናዬ አበባ በአበባ ሆናለች። እትዬ ጽጌ በአዲስ ቀሚስ ከመኪናዋ በር አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል። ካሜራማኑ ወደ እኔ ዞረ።

ሪሞቱን ተጫንኩ።

ምንም።

ደግሜ ተጫንኩ። እልልታው ቀጠለ፣ መኪናዋ ዝም። ሪሞቱ ሆድ ውስጥ ያለችውን ትንሿን የብረት ቁልፍ በጥፍሬ ፈልቅቄ በሩን ከፈትኩ። ገባሁ። በተኑን ተጫንኩ። አንድ መብራት እንኳ የለም። እልልታው ቀስ በቀስ ከሰመ። ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ተመስገን እል ነበር!

ሚዜዎቹ መቼስ ጎበዞች ናቸው። ኮታቸውን አውልቀው ይገፉ ጀመር። ይገፋሉ፣ ያልባቸዋል፣ መኪናዋ ግን ስንዝር አትሄድም። ለካ ማርሹም በኤሌክትሪክ ነው፣ ባትሪ ከሌለ ከፓርክ አይወጣም። ቢገፉስ ሃይብሪድ ተገፍታ አትነሳም! ይህን ሁሉ የተማርኩት ዛሬ ነው።

ሰለሞን ጋ ደወልኩ። በተኑን እየተጫንኩ ለማውራት ስፒከር ላይ አደረግኩት። ይህ ሁለተኛው ስህተቴ ነው።

"ስታስነሺያት 'ሬዲ' የምትለዋ በርታ ነበር?" አለ።

"ብዙ መብራት ይበራ ነበር" አልኩ።

"ፍሬን ረግጠሽ ነበር?"

ጎንበስ ብዬ ፍሬኑን አየሁት።

"እግርሽ የት ነበር?"

"ወንበሩ ላይ" አልኩት።

ሰርገኛው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ! ሰለሞንም አስረዳኝ፣ ከነሰርገኛው። ፍሬን ካልተረገጠ መኪናዋ አትነሳም፣ ራዲዮና መብራቷ ብቻ ይከፈታል። ስለዚህ እኔ ማታ ማታ ባትሪውን ቻርጅ ሳደርግ አልነበረም፣ በራዲዮ ስጨርሰው ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው።

"ቆይ ግን" አለ ሰለሞን፣ "በየማታው ግማሽ ሰዓት እዚያ ውስጥ ምን ትሠሪ ነበር?"

ምን ልበል? በሰርገኛው ፊት፣ በካሜራው ፊት፣ በገዛ ልጆቼ ፊት፣ ከእናንተ ተደብቄ ነበር ልበል? ፊቴ ቲማቲም ሆነ። እንባዬም መጣ። ለዓመታት አንድ ነገር ብቻ የጠየቁኝ ሴትዮ ቆመው እያዩኝ ነው፣ ያንንም አላሟላሁም።

እትዬ ጽጌ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። "አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ መኪናዋ የምትነሳበትን ንገረን፣ ክሱ ይቆይህ" አሉት።

የምትነሳው ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ ተገናኝታ ነው አለ። ገመድ ማን አለው? ሚዜዎቹ የመጡበት መኪና ውስጥ የለም። ጎረቤት እርስ በርሱ ተያየ።

ጋሽ ከድር ከድንኳኑ ወጡ። ከነገመዳቸው።

አሮጌዋን መኪናቸውን አፍንጫ ለአፍንጫ አስጠግተው፣ ሰለሞን በስልክ እየመራን ገመዱን አገናኘን። ፍሬን ረገጥኩ። ኧረ በሁለት እግሬ ነው የረገጥኩት! በተኑን ተጫንኩ። "ሬዲ" በራች! ለካ አረንጓዴ ናት። እልልታው ግቢውን አናወጠው።

ስክሪኑ ላይ ያ ሰላምታ የመሰለኝ ጽሑፍ ተመልሶ መጣ። ጋሽ ከድር ጎንበስ ብለው አነበቡት። "ባትሪው ደክሟል ነው የሚለው" አሉ። በግቢያችን ዓረብኛ የሚያነቡት ሰው፣ እኔ የምሸሻቸው ሰው ነበሩ!

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት፣ "አብሽሪ፣ ነግረሽኝ ቢሆን እኮ ስትወጪ ቦታሽን እጠብቅልሽ ነበር" አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ቅጣት አለ?

ቤቲን አሳፍሬ፣ ክላክስ እያጮህኩ፣ አዳራሽ አደረስኳት። አርፍደናል፣ ግን ደርሰናል። ሰለሞን ታዲያ ባትሪው በደንብ እስኪሞላ እንዳታጠፊያት ብሎ አስጠንቅቆኛል። ለዚህ ነው ሰርጉ ውስጥ፣ እኔ ውጪ የሆንኩት።

አሁን ማንም አይጠራኝም። የተመኘሁትን ፀጥታ አግኝቻለሁ። ታምናላችሁ? አልጣመኝም። ሁሉም እዚያ ናቸው፣ ልጆቼም እየጨፈሩ ነው።

ይህን እየጻፍኩላችሁ መስታወቱ ተንኳኳ። እትዬ ጽጌ! የሙሽራዋ እናት፣ እንግዳውን ሁሉ ጥለው፣ ሳህን ሙሉ ምግብ ይዘው።

ጎኔ ገቡና ተቀመጡ። አዲሱን ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸው አብጧል።

አላስችል አለኝና ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አዋረድኳችሁ አልኳቸው። እሳቸው እንዳልሰማ ሆነው "ብይ" አሉኝ። ከዚያ በመስታወቱ ወደ ውጪ እያዩ እንዲህ አሉ፦

"በኩሽናዬ መስኮት አይሽ ነበር። ስትመጪ፣ እዚያች መኪና ውስጥ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትቀመጪ። ልጆቹ 'እማዬ መጣች' ብለው ሊወርዱ ሲሉ፣ ቆዩ፣ መኪና እያሞቀች ነው እያልኩ እይዛቸው ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኩ።

"እንዳየሁሽ ብታውቂ ትተዪው ነበራ።"

ጎበዝ፣ ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት። እኔ ውለታ ልመልስ ስል፣ ለካ ማታ ማታ እዚያች ወንበር ላይ ተጋድሜ ውለታ እየጨመርኩ ነበር!

ይህንኑ ልነግራቸው ቀና ብዬ አየኋቸው። ተኝተዋል። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ፣ አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ፣ ድብን ያለ እንቅልፍ። ሰርግ ሲደግሱ ስንት ሌሊት እንዳልተኙ እግዜር ይወቀው።

ራዲዮውን አጠፋሁ። ስልካቸው ጠራ፣ እሱንም ድምፁን ቀነስኩት።

አሁን ደግሞ የእኔ ስልክ ነው የሚጠራው። ቤቲ ናት። ኬኩ ሊቆረስ ነው፣ የሙሽራዋ እናት ጠፉ ተብሎ አዳራሹ እየታመሰ ነው።

መኪና ማስነሳት አልችልም፣ ይህ ተረጋግጧል። ሰው ማስተኛት ግን ከቻልኩ አይቀር፣ እስቲ ንገሩኝ፣ ኬኩ ትንሽ ቢጠብቅ ምን ይሆናል?