ጋሼ ስንተኛው እና መልኩን የሚለዋውጠው ሰርቨር

ኮምፒውተር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ አንድ ሰው አለ። ሥራ አስኪያጅ ይቀየራል፣ ቢሮ ይቀየራል፣ እሱ ግን ከነወንበሩ እዚያው ነው። እናንተ ልባችሁ አፋችሁ ላይ ደርሶ "አልሠራ አለኝ!" እያላችሁ ትሮጣላችሁ፤ እሱ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ "ስንተኛው ነው?" ይላችኋል። ምኑ ስንተኛው? ቨርዥኑ ነዋ። ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ እትም አለው፤ ትናንት የሠራው እትም ዛሬ ላይሠራ ይችላል። በየትኛው ማሽን ላይ? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? እናንተ እሳት ጠፍቶላችሁ ብትመለሱ ደስ ይላችሁ ነበር፤ እሱ ገና እስክሪብቶ እየፈለገ ነው።

የእኛው ክቡር ጋሼ ስንተኛው ይባላሉ። ሌላ ስም አላቸው፤ ግን የምንሠራበት ትምህርት ቤት የስልክ ዝርዝር ላይ ካላየነው ትዝ አይለንም። አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያቸው ቧንቧው ፈንድቶ ውሃው ሳሎን ሲገባ፣ ማሽኑን ከግድግዳው አላቅቀው፣ በሆዳቸው ተኝተው፣ ከኋላው የተለጠፈውን ጽሑፍ በባትሪ ያነቡ ነበር አሉ። ባለቤታቸው "አንተ ሰውዬ፣ ምንጣፉ ዋኘ እኮ" ቢሏቸው "ሞዴሉን ሳላውቅ የቱን ልዝጋ?" ብለው መለሱ። ልጃቸውን ሊያገባ ያሰበው ወጣት ለመተዋወቅ ሲመጣ ደግሞ ሹፌር መሆኑን እንደሰሙ የመኪናውን ሞዴል፣ የተሠራበትን ዓመትና የሞተሩን ዓይነት ጠይቀው፣ በጣም ደስ ብሏቸው ሸኙት። ስሙን የጠየቁት በሦስተኛው ጉብኝት ነው።

እኔ የዛሬ ሦስት ወር ለሙከራ ጊዜ ተቀጥሬ ከአጠገባቸው ስቀመጥ እውቀቴ ጥቂት፣ ድፍረቴ ግን የትየለሌ ነበር። በሻይ ሰዓት መነጽር እያስመሰልኩ "ስንተኛው ነው?" ስል ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። እሳቸውም ይስቁ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ "ድምፁ ትክክል ነው፤ መነጽሩ ግን የበፊቱ ነው" ብለው አርመውኛል።

የሙከራ ጊዜዬ የሚያበቃው አርብ ዕለት ነበር። በዚያው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የአዲስ ተማሪዎች መመዝገቢያ ገጽ ይከፈታል፤ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ላፕቶፔ ላይ እንደ ቅቤ ይፈስ ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰርቨሩ ላይ ተከፈተ፤ ነጭ ሆኖ። ፊደል የለ፣ ፎርም የለ፣ ባዶ ነጭ። ስልኮቹ መጮህ ጀመሩ።

ለማያውቀው ሰው እዚህ ላይ ላስረዳ፤ እኔን አሳፈረኝ እንጂ ነገሩስ ደስ ይላል። ድረ ገጽ የሚኖረው ሩቅ ባለ ሌላ ማሽን ውስጥ ነው። ያ ማሽን ሰርቨር ይባላል፤ የኛን የምንከራየው ከሌላ ድርጅት ነው። በዚያ ሳምንት ወደ አዲስ ማሽን ስላዛወሩን ውስጡ ምን እንዳለ ማናችንም አላየንም። ግን ማወቅ ቀላል ነው። ስክሪፕት የሚባል አጭር ትእዛዝ ጽፋችሁ ትልኩበታላችሁ፤ ስክሪፕቱ እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ ሆኖ "ኦፐሬቲንግ ሲስተምህ፣ ማለትም የሚያንቀሳቅስህ ዋና ፕሮግራም፣ ምንድን ነው? ፕሮግራምህ ስንተኛ ቨርዥን ነው?" ብሎ ይጠይቅና መልሱን ስክሪናችሁ ላይ ያመጣል። ሁለት መስመር ነው። ሁለት መስመር ጽፎ ከማሽን ጋር መነጋገር እስካሁን ድረስ ይደንቀኛል።

ጋሼ የጠየቁኝም ይህንኑ ነበር። ስክሪፕቱን በደቂቃ ጽፌ ላክሁ፤ ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩት፤ "ዊንዶውስ" አለኝ።

"ዊንዶውስ ነው፣ ጋሼ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"አንተው ራስህ ጠይቀኸው ነው?"

"እንዴታ!"

አመኑኝ። አምነውኝም ዊንዶውስ ላይ ሊበላሽ የሚችለውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ፣ ምልክት እያደረጉ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ መረመሩ። አንዱም አልተበላሸም። ከጀርባችን ጸሐፊዋ ለወላጆች "ትንሽ ይታገሱን" እያለች ድምፅዋ ሻከረ።

በመጨረሻ ያንኑ ስክሪፕት በራሳቸው ኮምፒውተር ከፈቱት። የሳቸው ማሽን የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሰርቨሩ "ሊኑክስ" አለ። የጸሐፊዋን ስልክ ለመኑና በሱ ከፈቱት። ሰርቨሩ ስልክ ነኝ አለ።

"እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ከእንግዲህ በኪሳችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ" አለች ጸሐፊዋ።

ጋሼ የጻፍኩትን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ድረ ገጽ ስትከፍቱ ብሮውዘራችሁ፣ ማለትም ገጹን የምታዩበት ፕሮግራም፣ ለሰርቨሩ ራሱን ያስተዋውቃል፤ "እኔ እገሌ ነኝ፣ የመጣሁት ከዚህ ዓይነት ማሽን ነው" የሚል አንድ መስመር ይዞ ይሄዳል። የኔ ስክሪፕት የሰርቨሩን ማንነት በመጠየቅ ፈንታ ይህንን የእንግዳውን መስመር መልሶ ያነብ ነበር። የሰው በር አንኳኩቼ "ማነህ?" ስባል የተናገርኩትን የራሴን ስም የባለቤቱ ስም ነው ብዬ መዝግቤ ተመልሻለሁ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ክቡርነታቸው የመረመሩት የእኔን ላፕቶፕ ጠባይ ነበር።

ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቅን። ሰርቨሩ ሊኑክስ ነበር። ገጹ የፎርሙን ፋይሎች ላፕቶፔ ላይ እንዳለው አድርጎ ፋይሎች ከሚቀመጡበት፣ "ሲ" ከሚባለው ድራይቭ ውስጥ ይፈልጋል፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ "ሲ" የሚባል ድራይቭ የለም። አንድ መስመር አስተካከልን፤ ገጹ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ልጅ ተመዘገበ።

ሥራ አስኪያጇ የመጡት ያኔ ነው። እጃቸው ላይ አንድ ማኅደር ይዘዋል፤ ጀርባው ላይ ስሜ ተጽፏል።

"ወላጆች ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ጠብቀዋል" አሉ። "ምን ተፈጥሮ ነው?"

አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ቀደሙኝ።

"ሰርቨሩ ትንሽ አስቸግሮ ነበር።"

ሥራ አስኪያጇ አሥራ አራት ዓመት ያውቋቸዋል። ጠጋ ብለው ፊታቸውን አዩ። "ምኑ ነው ያስቸገረው?"

ጋሼ ጣሪያውን ተመለከቱ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። የልብስ ማጠቢያውን ጽሑፍ በጎርፍ መሐል ያነበቡት እኚህ ሰው፣ ቁጥር የሌለው ዓረፍተ ነገር የጤና ምልክት አይደለም የሚሉት እኚህ ሰው፣ ቃሉን ከጉሮሯቸው ጎትተው አወጡት።

"እንጃ።"

ሥራ አስኪያጇ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ማኅደሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ቋሚ ቅጥሬን ፈረሙና፣ ለጋሼ ውሃ እንድሰጣቸው አዘውኝ ሄዱ።

ውሃውን ሳመጣ ጋሼ ወረቀት ላይ አጎንብሰው ይጽፋሉ። ሁሉንም ጽፈውታል፤ ሰርቨሩን ከነቨርዥኑ፣ ስክሪፕቴን ከነስህተቱ፣ የኔን "እንዴታ" ሳይቀር። አቀበሉኝና እንዳነበው በዓይናቸው ነገሩኝ። ገጹ የተከፈተው አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው ይላል።

"ከአርባ ሁለት ነበር፣ ጋሼ" አልኩ።

ተቀብለው አረሙት። አንዴ አነበቡት፣ ልባቸው አረፈ፤ ከዚያም ለአራት ቀደው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት።